«ፍሬን በጠሰ» ሲባል የሚበጠሰው ምንድን ነው?
ከደሴ ፒያሳ እስከ ኮምቦልቻ ባለው ቁልቁለት ላይ፣ ለአዲስ መንጃ ፈቃድ ባለቤቶች የቀረበ የፊዚክስ ትምህርት

በአገራችን የመኪና አደጋ በሬዲዮና በጋዜጣ ሲዘገብ ከሚደጋገሙት አባባሎች አንዱ «ፍሬን በጥሶ» የሚለው ነው። አባባሉ አንድ ገመድ ከመካከሉ ተቆርጦ መኪናው ከአሽከርካሪው ትእዛዝ ውጭ የሆነ ያስመስላል። እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር አልፎ አልፎ ይደርሳል፤ የዘይት ቧንቧ ይፈነዳል፣ ጎሚኒ አልቆ ዘይት ያፈስሳል። ነገር ግን በረዥም ቁልቁለት ላይ እምቢ ካሉት ፍሬኖች መካከል አንድም ነገር ያልተበጠሰባቸው አሉ። መኪናው ቆሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ፔዳሉ ቢረገጥ ፍሬኑ እንደ ወትሮው ይይዛል። ታዲያ ቀደም ሲል ምን ነካው? በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ይህ ነው። መልሱም የሚገኘው ከጋራዥ ይልቅ በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ ነው።

ለጥያቄው ቤተ ሙከራ የምናደርገው ከደሴ ፒያሳ ተነሥቶ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ በ2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የመንገድ ርቀት 25 ኪ.ሜ. ያህል ሲሆን፣ የከፍታው ልዩነት በግምት 650 ሜትር ነው። ይህ ልዩነት በመንገዱ ላይ እኩል አልተከፋፈለም፤ በአንዳንዱ ስፍራ መንገዱ ለጥ ይላል፣ በሐረጎ ጠመዝማዛዎች ደግሞ ይቆለቆላል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በሁለቱም ከተሞች ስለሚገኙ መንገዱ የነጋዴና የጭነት መኪና ብቻ ሳይሆን የተማሪም ነው።

ፈቃዱ የሚለካውና የማይለካው

አንድ ወጣት 18 ዓመት ሲሞላው አውቶሞቢል የመንዳት ፈቃድ ለመጠየቅ ዕድሜው ይፈቅድለታል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074 ፈቃዱን እንደ ተሽከርካሪው ዓይነት በምድብ ከፋፍሎ፣ ለየምድቡ የዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የጤናና የሥልጠና መስፈርት አስቀምጧል። ለማጁ በክፍል ውስጥ የመንገድ ምልክቶችንና ደንቦችን ያጠናል፤ ከዚያም እጁንና እግሩን ማስተባበር፣ ወደ ኋላ መንዳት፣ በአቀበት ላይ አቁሞ መነሣት ይለማመዳል። እነዚህ ሁሉ የሚያስፈልጉ ናቸው። ይሁን እንጂ ፈተናው በጥቂት ደቂቃዎች የሚያልቅ ስለ ሆነ፣ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ቁልቁለት በፍሬን ላይ የሚያደርሰውን ሊያሳይ አይችልም። የሞቀ ፍሬን ምን እንደሚመስል ሳያውቅ ፈቃድ የሚይዝ ሰው ብዙ ነው።

ጉዳዩ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ ላይ አደጋ ይሞታሉ፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑ ልጆችና ወጣቶችም ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። በእኛው በደቡብ ወሎ፣ በለጋምቦ ወረዳ፣ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች ሞተዋል። ከተሳፋሪዎቹ መካከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ።

በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ አዲስ አሽከርካሪ ለአደጋ ከሁሉ ይበልጥ የሚጋለጠው ፈቃዱን ከያዘ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት ነው። የዓይኑ አጠቃቀም እንኳ ከልምድ ካለው ሰው ይለያል። ለማጅ ከመኪናው አፍንጫ ብዙም ያልራቀውን አስፋልት ሲመለከት፣ ልምድ ያለው ራቅ አድርጎ መጪውን መታጠፊያ ያያል። ኒውዚላንድ በ1987 እ.ኤ.አ. ፈቃድን በደረጃ መስጠት የጀመረችው በዚህ ምክንያት ነው፤ አዲሱ ነጂ ለተወሰነ ጊዜ ሌሊት ብቻውን እንዳይነዳ፣ እኩዮቹንም እንዳያሳፍር ገደብ ተጣለበት። በእኛ አገር ግን ወጣቱ ፈቃዱን በተቀበለ ማግስት መኪና ሙሉ ጓደኞቹን ይዞ ሐረጎን ሲወርድ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

ወደ ስሌቱ ከመግባታችን በፊት ስለ ቃላቱ ጥቂት እንበል። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ጎማ የሚባሉት ቃላት ሁሉ ምንጫቸው ጣሊያንኛ ነው፤ ፒያሳ የሚለው ስምም እንደዚሁ። ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አሥመራ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ዋና ቅርጹን የያዘው በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል በነበረው የወረራ ዘመን ስለ ነበር፣ መንገዱና የመንዳት ቋንቋው አብረው መጡ ማለት ይቻላል። ኢትዮጵያ እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ በኩል ትነዳ እንደ ነበርና ወደ ቀኝ የዞረችው በሰኔ 1 ቀን በዚያው ዓመት እንደ ሆነም ለማስታወስ ያህል እንጠቅሳለን።

ከፍታው የት ይሄዳል?

ግርታ እንዳይፈጠር ከወዲሁ እንስማማ። ኢነርጂ ስንል ሥራ ለመሥራት ወይም ሙቀት ለመፍጠር የሚያስችለውን መጠን፣ አቅም ስንል ደግሞ ያ ኢነርጂ በአንድ ሰከንድ ምን ያህል እንደሚፈስ ማለታችን ነው። የመጀመሪያው በጁል፣ ሁለተኛው በዋት ይለካል።

መጠነ ቁሱ 1,200 ኪ.ግ. የሆነ አነስተኛ አውቶሞቢል ፒያሳ ላይ ቆሟል እንበል። መኪናው ከኮምቦልቻ ጋር ሲነጻጸር ያለው የከፍታ ኢነርጂ መጠነ ቁሱ በመሬት ስበትና በከፍታው ሲባዛ የሚገኘው ነው፦ 1,200 × 9.8 × 650፤ ይህም 7.6 ሚሊዮን ጁል ያህል ይሆናል። ኮምቦልቻ ደርሶ ሲቆም ይህ ሁሉ የለም። ነገር ግን ኢነርጂ አይጠፋም ብለን ተምረናል። ስለዚህ ወደ ሌላ መልክ ተለውጧል፤ ያም መልክ ከሞላ ጎደል ሙቀት ብቻ ነው። ከፊሉ በጎማና በአስፋልት፣ ከፊሉ በአየሩ፣ የቀረው በሞተሩና በፍሬኑ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ወጥቷል።

መጠኑን በዓይነ ሕሊና ለመሳል ውኃን እንውሰድ። ደሴ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ። ያ 7.6 ሚሊዮን ጁል 20 ዲግሪ የሆነን አንድ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ውኃ እስከ መፍላት ያደርሰዋል። ተሳፋሪ ጭኖ 3,000 ኪ.ግ. የሚመዝን ሚኒባስ ሁለት ጀሪካን ተኩል ያፈላል። በጠቅላላው 40 ቶን የሚሆን ተሳቢ የጭነት መኪና ደግሞ ከሠላሳ በላይ ጀሪካን። ከኮምቦልቻ ቢራ ጭኖ ወደ ደሴ የሚወጣ መኪና የሚመለሰው ባዶ ጠርሙስ ይዞ ስለ ሆነ ፍሬኑ ዕድለኛ ነው፤ ከሰሜን በኩል እህል ወይም ሌላ ጭነት ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ለሚወርደው ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም።

ይሁንና የሙቀቱ ጠቅላላ መጠን ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ወሳኙ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ መጣ የሚለው ነው። ለምሳሌ በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር የሚወርድ ቁልቁለት ላይ መኪናችን በሰዓት 40 ኪ.ሜ. ፍጥነት፣ ሳይጨምርና ሳይቀንስ፣ ይወርዳል እንበል። የመሬት ስበት 9 ኪሎዋት ያህል ይሰጠዋል። ጎማውና አየሩ ከዚህ 2 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳሉ። የቀረውን 7 ኪሎዋት አንድ ሌላ ነገር ካልወሰደው መኪናው ፍጥነት ይጨምራል። በየቤታችን ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት እንደሚፈጅ አስታውሱ። እንግዲህ አነስተኛዋ አውቶሞቢል ሐረጎን ስትወርድ ሁለት የጋለ ምጣድ፣ ሚኒባሱ ደግሞ አምስት ምጣድ ያህል ሙቀት የሚያስወግዱበት ስፍራ ይፈልጋሉ። እግሩን ከፍሬን ላይ ሳያነሣ የሚወርድ ነጂ ያን ሁሉ ሙቀት የሚያራግፈው በአራቱ ቸርኬዎች ውስጥ ባሉት የብረት ዲስኮችና ታምቡሮች ላይ ነው።

በቸርኬው ውስጥ

የአነስተኛ መኪና ዲስኮችና ታምቡሮች ተደምረው 20 ኪ.ግ. ያህል ብረት ናቸው እንበል። አንድ ኪሎ ብረት በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 460 ጁል ገደማ ይበቃል። ቁልቁለቱ ሳያቋርጥ 300 ሜትር ዝቅ ካለና ሥራውን ሁሉ ለፍሬን ከተውነው፣ ጎማውና አየሩ የሚወስዱትን ቀንሰን 2.75 ሚሊዮን ጁል ይደርሰዋል። ብረቱ ሙቀቱን ወደ አየር ባይሰጥ ኖሮ 300 ዲግሪ ያህል በጨመረ ነበር። በእርግጥ ነፋሱ ጥቂት ያቀዘቅዘዋል፤ ሆኖም ተሳፋሪና ሻንጣ ሲጨመር ቁጥሩ ተመልሶ ይወጣል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይከሠታሉ። የመጀመሪያው በፍሬን ሸራ ላይ ነው። ሸራው ብረቱን የሚይዘው በሰበቃ ሲሆን፣ ከመጠን በላይ ሲግል የተሠራበት ማጣበቂያ መለወጥና ጋዝ መስጠት ይጀምራል፤ የሰበቃው መጠንም ይቀንሳል። ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ቢረገጥ ቢረገጥ መኪናው አይይዝም። የሚሸተው የተቃጠለ ሽታ የዚህ ምልክት ነው። ታምቡር ሲሞቅ ስለሚሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ በዚህም ምክንያት ታምቡር ከዲስክ ይልቅ በቶሎ ይደክማል።

ሁለተኛው ይበልጥ የሚያስደነግጠው ነው። የፔዳሉ ግፊት ወደ ጎማ የሚደርሰው በፍሬን ዘይት አማካይነት ነው። ዘይቱ ፈሳሽ በመሆኑ አይታመቅም፤ የተጫነውን ያህል ያስተላልፋል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ተደርጎ ይሠራል። ችግሩ ይህ ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት መምጠጡ ነው። ዓመታት ሲቆይና ውኃ ሲገባበት የሚፈላበት ነጥብ ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ከጋለው ብረት አጠገብ ያለው ዘይት ሲፈላ በቧንቧው ውስጥ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል። አረፋ ደግሞ ይታመቃል። ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ እግሩ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፤ የሚጨምቀው ግን እንፋሎቱን ብቻ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ አረፋው ተመልሶ ዘይት ይሆናል፤ ፍሬኑም «ይድናል»። በእኛ አመለካከት «ፍሬን በጠሰ» ከሚባሉት አደጋዎች ብዙዎቹ «ዘይት ፈላ» ወይም «ሸራ ጋለ» ቢባሉ ለተማሪው ይበልጥ ይጠቅሙት ነበር። የተበጠሰን ነገር ነጂው ምንም አያደርገውም፤ እንዳይግል ማድረግ ግን በእጁ ነው።

በለማጆች መካከል ፍሬንን እያቋረጡ መርገጥ ይሻላል ወይስ በቀስታ ይዞ መቆየት የሚል ክርክር ይሰማል። ከኢነርጂ አንጻር ልዩነቱ የሚታሰበውን ያህል አይደለም፤ የሚወረደው ከፍታ ያው ስለ ሆነ የሚመጣው ሙቀትም ያው ነው። እውነተኛ ለውጥ የሚያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ በዝግታ መውረድና ሥራውን ለሌላ ማካፈል። በሰዓት 20 ኪ.ሜ. የሚወርድ መኪና በሰከንድ የሚደርሰው ሙቀት በ40 ከሚወርደው ግማሽ ያህል ነው፤ ለመቀዝቀዝም እጥፍ ጊዜ ያገኛል።

በማርሽ መያዝ

ሥራውን የሚካፈለው ሞተሩ ነው። እግራችንን ከነዳጅ መስጫው ስናነሣ ወደ ቤንዚን ሞተር የሚገባው አየር ይዘጋል። ፒስተኖቹ ግን ከጎማው ጋር በማርሽ ስለ ተያያዙ መንቀሳቀሳቸውን አያቆሙም፤ በተዘጋው በር በኩል አየር ለመሳብ ይታገላሉ፤ በዘይትና በብረት ሰበቃም ኢነርጂ ያባክናሉ። በሌላ አነጋገር መኪናው ሞተሩን ይጎትታል፤ ሞተሩም መኪናውን ይይዛል። ሙቀቱ በራዲያተርና በጭስ ማውጫ በኩል ይወጣል፤ እነዚህ ክፍሎች ደግሞ ከፍሬን በተለየ ሙቀትን ያለማቋረጥ ለማስወገድ የተሠሩ ናቸው።

የማርሹ ቁጥር ለምን ለውጥ ያመጣል? በሰዓት 40 ኪ.ሜ. በአራተኛ ማርሽ የምትወርድ አነስተኛ መኪና ሞተሯ በደቂቃ 1,600 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በሁለተኛ ማርሽ ግን 3,400 ጊዜ ያህል (ቁጥሩ እንደ መኪናው ዓይነት ይለያያል)። ሞተሩ በዞረ ቁጥር የሚያባክነው ይበዛል። በሁለተኛ ማርሽ ከላይ ካሰላነው 7 ኪሎዋት አብዛኛውን ሞተሩ ሊወስድ ይችላል፤ ለፍሬኑ የሚቀረው በመታጠፊያዎች ላይ ማረም ብቻ ይሆናል። «ቁልቁለቱን በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» የሚለው የሾፌሮች ደንብ ይህን ሁሉ ስሌት በአንድ ዐረፍተ ነገር ይዞታል። ነገር ግን ማርሹ መግባት ያለበት ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። መኪናው ከፈጠነ በኋላ ለመቀነስ የሚሞክር ለማጅ ማርሹ እምቢ ሊለውና በዜሮ ማርሽ ላይ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ ሞተሩም ከእጁ ወጣ ማለት ነው።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው በዜሮ ማርሽ የሚወርዱ አሉ። ይህ ልማድ ከአደገኛነቱ በላይ ስሌቱም ትክክል አይደለም። በኮምፒውተር የሚቆጣጠር የነዳጅ መርጫ ያላቸው ሞተሮች ማርሽ ገብቶ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋሉ፤ ጎማው ራሱ ሞተሩን ያዞራልና። በዜሮ ማርሽ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መርጨት አለበት። ካርቡሬተር ላላቸው አሮጌ መኪናዎች ሒሳቡ ጥቂት ይለያል እንጂ አደጋው ያው ነው። ሞተር አጥፍቶ መውረድማ ከሁሉ የከፋ ነው። እግራችንን የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው ሞተሩ በሚፈጥረው ባዶ ግፊትና በውጭው አየር ግፊት ልዩነት ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ጥቂት ጊዜ ሲረገጥ እገዛው ያልቃል፤ ፔዳሉም እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። በደሴ ከፍታ የውጭው አየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ በመሆኑ እገዛው ከመነሻውም ያነሰ ነው።

ናፍጣ ሞተር አየሩን የሚዘጋ በር ስለሌለው በማርሽ የመያዝ ኃይሉ ደከም ይላል። በከባድ መኪናዎች ላይ ጭስ ማውጫውን በመዝጋት የሚሠራ ተጨማሪ ፍሬን የሚገጠመው ለዚህ ነው። የአየር ፍሬን ያላቸው መኪናዎች ደግሞ ሌላ ጠባይ አላቸው፤ ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ከጋኑ አየር ይወጣል፤ ነጂው ያለ ዕረፍት ከረገጠ አየር ማመንጫው ሊያሟላ አይችልም። አውቶማቲክ መኪና የሚነዱም ነገሩ አይመለከተንም አይበሉ፤ በማርሽ መቀየሪያው ላይ ያሉት «2» እና «ኤል» የሚሉት ስፍራዎች የተቀመጡት ለቁልቁለት ነው።

ጠመዝማዛው

መንገዱ ሲታጠፍ መኪናውን ወደ ውስጥ የሚስበው ጎማው ከአስፋልቱ ጋር ያለው ሰበቃ ብቻ ነው። የሚያስፈልገው ኃይል ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ። ራዲየሱ 30 ሜትር በሆነ ጠባብ መታጠፊያ ላይ፣ በደረቅ አስፋልት የሰበቃው መጠን 0.7 ቢሆን፣ መኪናው መንሸራተት የሚጀምረው በሰዓት 51 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። ዝናብ ጥሎ መጠኑ ወደ 0.4 ሲወርድ ወሰኑ 39 ኪ.ሜ. ይሆናል። ያው መታጠፊያ፣ ያው መኪና፣ ግን ጠዋት የተቻለው ፍጥነት ከሰዓት በኋላ ገደል ይሰዳል። ሰበቃው አንድ ኪስ ነው ብላችሁ አስቡት፤ ለመታጠፍ ያወጣችሁትን መልሳችሁ ለማቆም አታገኙትም። ስለዚህ ፍጥነት የሚቀነሰው ከመታጠፊያው በፊት ነው።

የሰውነቱ ቁመት የበዛ ተሽከርካሪ ከመንሸራተቱ በፊት ሊገለበጥ ይችላል። በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል 1.45 ሜትር ያለው ሚኒባስ የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 0.8 ሜትር ላይ ሲሆን፣ የስፋቱ ግማሽ ለቁመቱ ሲካፈል 0.9 ይመጣል። ይህ ከ0.7 ስለሚበልጥ መኪናው ይንሸራተታል እንጂ አይገለበጥም። ጣሪያው ላይ ጆንያና ሻንጣ ተከምሮ ማዕከሉ ወደ 1.1 ሜትር ከፍ ካለ ግን ውጤቱ 0.66 ይሆናል፤ ማለትም በደረቅ አስፋልት ላይ መጀመሪያ የሚመጣው መገልበጥ ነው። ከፊት አንድ ጎማ ብቻ ያለው ባጃጅ በዚህ ረገድ ከሚኒባሱም የባሰ ነው።

በክረምት ደሴ ጉም ስትለብስ ማወቅ የሚገባን ሌላው ቁጥር የመቆሚያ ርቀት ነው። ነጂው አይቶ እግሩን እስኪያንቀሳቅስ 1.5 ሰከንድ ይወስዳል እንበል። እርጥብ በሆነው በዚያው 7 ከመቶ ቁልቁለት ላይ በሰዓት 40 ኪ.ሜ. የሚሄድ መኪና አደጋውን ካየ በኋላ ለመቆም 36 ሜትር ያስፈልገዋል። በ60 ኪ.ሜ. ሲሆን 68 ሜትር። ፍጥነቱ በግማሽ ጨመረ፤ ርቀቱ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ጉሙ የሚያሳየው 40 ሜትር ብቻ ከሆነ፣ በ60 የሚነዳው ሰው ከፊቱ የቆመውን አይሱዙ የሚያየው ለመቆም ከዘገየ በኋላ ነው።

ስለ መመለሻው አቀበት ብዙ አንልም። በደሴ ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው 78 ከመቶ ገደማ ብቻ ስለሚጠጥር፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ከኮምቦልቻ ጋር ሲነጻጸር እንኳ የ6 ከመቶ ያህል ልዩነት አለ። በአቀበት ላይ ሲነሣ ሞተር የሚጠፋበት ለማጅ ጥፋቱ ሁሉ የእርሱ አለመሆኑን ይወቅ። በፍሪሲዮን ብቻ መኪናውን በአቀበት ላይ አንጠልጥሎ መያዝ ግን ፍሪሲዮኑን ያቃጥላል፤ የእጅ ፍሬን ያለው ለዚህ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪናስ?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ፣ የአሁኑ ለማጅ የመጀመሪያ መኪናው የኤሌክትሪክ ሊሆን ይችላል። እነዚህ መኪናዎች ቁልቁለት ላይ ሞተራቸውን ወደ ጄኔሬተርነት ይለውጣሉ፤ ከፍታው ሙቀት ሆኖ ከመባከን ይልቅ ወደ ባትሪ ይመለሳል። 1,600 ኪ.ግ. የሚመዝን መኪና ቀደም ሲል ባልነው 300 ሜትር ቁልቁለት ላይ 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል መልሶ ሊያገኝ ይችላል። ባትሪው የ50 ኪሎዋት ሰዓት ቢሆን ይህ 1.4 ከመቶ ነው፤ ትንሽ ይመስላል፤ ለፍሬኑ ግን ትልቅ ዕረፍት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ያልተለመደ ነገር አለ። የተሞላ ባትሪ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ አይቀበልም። ደሴ ላይ ሌሊቱን እስከ 100 ከመቶ ሞልቶ ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ነጂ፣ በሞተር የመያዙ ኃይል በእጅጉ ቀንሶ ያገኘዋል፤ ትናንት በለመደው መጠን ያልያዘለትን መኪና በተለመደው ፍሬን ለማቆም ይገደዳል። መኪናው ከባትሪው የተነሣ ከእኩያው የነዳጅ መኪና ይከብዳልና የሚመጣው ሙቀት ይበልጣል። ከደሴ ሲነሡ ባትሪውን 90 ወይም 95 ከመቶ ላይ ማቆም ይበቃል፤ ኮምቦልቻ ያደረ ሰው ግን ሽቅብ ስለሚወጣ እስከ አፉ ቢሞላው ችግር የለውም።

ለአንባብያን አንድ ስሌት እንተው። ከነተሳፋሪዎቹ 14 ቶን የሚመዝን አውቶቡስ በ7 ከመቶ ቁልቁለት ላይ በሰዓት 30 ኪ.ሜ. ይወርዳል። የአየሩን መቋቋም ተዉትና የጎማው መቋቋም ከክብደቱ 1 ከመቶ ይሁን። ነጂው በማርሽና በጭስ ማውጫ ፍሬን 50 ኪሎዋት ቢያስወግድ፣ ለእግር ፍሬኑ ስንት ምጣድ ይቀርለታል? ማርሹን ወደ ዜሮ ቢያወጣውስ?